ምግብ አልፈጭ ሲል፦ የቻይና ዕፅዋትን መርጦ፣ መዝኖና አፍልቶ መጠቀም

በቻይና ባህላዊ ሕክምና «የሆድ መነፋት መድኃኒት» ተብሎ ለሁሉም የሚሰጥ አንድ ዕፅ የለም። ሆዳቸው የተነፋ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ሐኪም ቢሄዱ፣ ከልክ በላይ የበላው የተከማቸውን የሚያፈርስ ዕፅ ይታዘዝለታል፤ ሆዱ የደከመው ደግሞ የሚያበረታ። ቢለዋወጡ ግን የደከመው ይብስበታል፣ የጠገበውም መነፋቱ ይጨምርበታል። ብዙ ሰው ዕፁን ሞክሮ «አልሠራልኝም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ድስት ከመጣዱ በፊት የሆዱን ሁኔታ መለየት ይቀድማል።

ለዚህ ሁለት ቃላት መያዝ ይበቃል፦ ጣፊያና ጨጓራ። በቻይና ሕክምና ጣፊያ ሲባል በዘመናዊው የሰውነት ጥናት የምናውቀው የደም አካል ማለት አይደለም፤ ከምግብ ጉልበት አውጥቶ ወደ ላይ የሚያነሣው የሥራ ክፍል ስም ነው። ጨጓራ ደግሞ ምግቡን ወደ ታች ይልካል። የጨጓራው ጉዞ ወደ ላይ ከተገለበጠ ማግሳት፣ ቃርና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ጣፊያው ማንሣት ካቃተው ሰገራ ይላላል፣ ከምግብ በኋላ እንቅልፍ ይጫናል፣ ጉልበት ይከዳል። ጣፊያ እርጥበትን ይጠላል፣ ጨጓራ ድርቀትን። ይህ አነጋገር ከዘመናዊው የአካል ሥራ ትምህርት ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም፤ ሆኖም ምልክቶችን ለመደልደልና ዕፅ ለመምረጥ ዛሬም የሚሠራበት መሣሪያ ነው።

ሆዱ ምን ሆኗል?

የመጀመሪያው ፈተና እጅ ነው። ሆድዎን በመዳፍዎ ጫን ያድርጉት። ሲጫኑት የሚያም ወይም የሚከብድ ከሆነ ብዙ ጊዜ በውስጡ የተከማቸ ነገር አለ፤ ሲጫኑት ደስ የሚልና የሚቀል ከሆነ ድካም ወይም ብርድ ነው። ሁለተኛው ፈተና ሰገራ ነው። ከተጸዳዱ በኋላ እፎይታ ከተሰማ ክምችት፣ ከተጸዳዱ በኋላ ድካም ከተሰማ የጣፊያ መድከም ነው። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ትልቁን ስሕተት ያስቀራሉ።

ምላስን ጠዋት፣ ቁርስና ቡና ከመቅመስ በፊት፣ በቀን ብርሃን ይዩ። አይፋቁት፤ ቡናና ባለ ቀለም ከረሜላ ሽፋኑን ስለሚያቀልሙት ያሳስታሉ። ወፍራምና የቀባ የሚመስል ሽፋን ክምችት ወይም እርጥበት አለ ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ ሙቀት ተጨምሮበታል። ምላሱ ገርጥቶ፣ ወፍሮ፣ ጠርዙ የጥርስ ምልክት ከያዘ ጣፊያው ደክሟል።

ክምችት ከከባድ ምግብ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ ግሳቱ የኮመጠጠ ወይም የበሰበሰ ሽታ አለው። ብርድ የያዘው ሆድ ትኩስ ነገር ሲያገኝ ይቀልለታል፣ ሰገራው ውኃ ይሆናል፣ ጥማት የለም። ሙቀት ያለበት ያቃጥላል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ያሰኛል፣ አፍ ይሸታል፣ ቶሎ ይርባል። እርጥበት ሰውነትን ያከብዳል፣ ሰገራውን ያጣብቃል፣ አፍን ያዝላል። ንዴትና ጭንቀትን ተከትሎ የሚመጣው፣ ወደ ጎድን የሚዛመተውና ቁርጠቱ ከተቅማጡ በኋላ የሚተወው ደግሞ «ጉበት ጣፊያን ተጫነ» ይባላል።

ብዙ ሰው ከአንድ በላይ ይኖረዋል። ደክሞትም ተከማችቶበትም ከሆነ መጀመሪያ ክምችቱን ለሁለት ለሦስት ቀን ያፍርሱ፣ ከዚያ ያበርቱ። በሞላ ሆድ ላይ ጂንሰንግ መጨመር ከሁሉም የተለመደው ጥፋት ነው።

የተከማቸውን ማፍረስ

እዚህ ላይ የዕፅዋቱ የሥራ ክፍፍል ግልጽ ነው። ሻን ዣ የሚባለው ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ለሥጋና ለስብ ነው። ማይ ያ ማለት የገብስ ብቅል ሲሆን ለእህል ምግብ ይሆናል። ሼን ቹ ከስንዴ ዱቄትና ከዕፅዋት ተቦክቶ የሚደርቅ እርሾ ነው፤ ለአልኮልና ለቆየ ምግብ ይመረጣል። ላይ ፉ ዚ የፍጅል ዘር ነው፤ ጋዝ ሲበዛ ወደ ታች ይገፋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ዡ ዳንሺ ባኦ ሄ ዋን በሚባለው ክኒን ከእነዚህ ሦስቱን፣ ማለትም ሻን ዣን፣ ሼን ቹንና ላይ ፉ ዚን ከሌሎች አራት ዕፅዋት ጋር አዋሕዷል። በቀመሩ ውስጥ ሻን ዣ 6 እጅ ሲሆን ሼን ቹ 2፣ ቼን ፒ (የቆየ የመንደሪን ልጣጭ) ደግሞ 1 ብቻ ነው። ሊያን ቺያው የተባለ ቀዝቃዛ ፍሬም ገብቶበታል፤ ተከማችቶ የቆየ ምግብ ሙቀት ይፈጥራል ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ቤት ውስጥ የሚበቃው ቀለል ያለ ነው፦ የተጠበሰ ሻን ዣ 10 ግራም፣ የተጠበሰ ማይ ያ 10 ግራም፣ ቼን ፒ 6 ግራም። ጋዙ ካየለ ላይ ፉ ዚ 6 ግራም ደቅቆ ይጨመር። በ600 ሚሊ ሊትር ውኃ 20 ደቂቃ ያፍሉ፣ ያጥልሉ፣ ለሁለት ከፍለው ከምግብ በኋላ ይጠጡ። ከሦስት ቀን በላይ አይቀጥሉ፤ ክምችት ከሆነ እስከዚያ ይለቃል፣ ካልለቀቀ ችግሩ ሌላ ነው።

ሻን ዣን መጥበስ ለወጉ ብቻ አይደለም። ጥሬው በጣም ኮምጣጣ ስለሆነ ባዶ ሆድን ያቃጥላል፤ ሲጠበስ ኮምጣጣነቱ ይበርዳል። በደረቅ መጥበሻ መካከለኛ እሳት ላይ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ቡናማ እስኪሆን ያማስሉ። እስከ ውስጥ ከከሰለ ይጣል። ቃር ያለበት ሰው የተጠበሰውንም ቢሆን በባዶ ሆድ አይጠጣው።

ስለ ማይ ያ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ብቅል ስታርችን የሚፈጭ ኤንዛይም አለው፤ ሲፈላ ግን ኤንዛይሙ ይሞታል። የፈላው ማይ ያ የሚሰጠው ጥቅም ስለዚህ ከኤንዛይሙ አይመጣም። ኤንዛይሙን ከፈለጉ ያልተጠበሰውን አድቅቀው ከ3 ግራም ብዙም ባልበለጠ መጠን፣ ለብ ባለ ውኃ በምግብ ሰዓት ይውሰዱ። ራስዎ ካበቀሉት ቡቃያው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቁመው በፀሐይ ወይም በዝቅተኛ ሙቀት ያድርቁት፤ በግለት ከደረቀ የተጠበሰ ያህል ነው። የምታጠባ እናት ግን ማይ ያ አትውሰድ፦ በቻይና በብዙ መጠን፣ 60 ግራም ያህል፣ ወተት ለማድረቅ የሚሰጠው ይኸው ነው።

ለማቅለሽለሽ ዝንጅብልና ቼን ፒ

ቼን ፒ ቆይቶ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ነው። ቼን ማለት ራሱ «የቆየ» ማለት ነው። በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የሺንሁዊው ዝነኛ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቆያል። ትኩሱ ልጣጭ ተናኝ ዘይቱ ስለሚበዛ ጨጓራን ይቆጠቁጣል፤ ሲቆይ ዘይቱ ይቀንሳል፣ ሽታውም ይለሰልሳል። ጥሩ ቼን ፒ ቡናማ፣ ቀላልና ሲሰበር ቀጭ የሚል ነው። ሻጋታ ከነካው ወይም እርጥብ ከሆነ ይለፉት። ከገበያ የተገዛ መንደሪን ልጦ ማድረቅም አይመከርም፤ በልጣጩ ላይ ሰምና ፀረ ተባይ ሊኖር ይችላል።

ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለው ሐኪም ለደረቅ ማስመለስና ለእጅ እግር መቀዝቀዝ ያዘዘው ሁለት ዕፅ ብቻ ነው፦ አንድ እጅ የመንደሪን ልጣጭ፣ ሁለት እጅ ትኩስ ዝንጅብል። ዛሬ 5 ግራም ቼን ፒ እና 10 ግራም የተቆራረጠ ትኩስ ዝንጅብል በ400 ሚሊ ሊትር ውኃ ተከድኖ 10 ደቂቃ ቢፈላ ይበቃል። በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ፤ አንድ ብርጭቆ በአንዴ ማውረድ ራሱ ያስመልሳል። ከዚህ ሁሉ ዕፅ ይልቅ በዘመናዊ ጥናት ጠንከር ያለ ድጋፍ ያለው ዝንጅብል ነው፤ በተለይ ለማቅለሽለሽ።

ትኩስና ደረቅ ዝንጅብል ግን አይተካኩም። ትኩሱ (ሼንግ ጂያንግ) ማስመለስን ያቆማል። ሲደርቅ ጂንጀሮል የተባለው ንጥረ ነገር በከፊል ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ይበልጥ ያቃጥላል፣ ለቀዘቀዘ ሆድም የሚመረጠው ይኸው ደረቁ (ጋን ጂያንግ) ነው።

ለቀዘቀዘና ለደከመ ሆድ

ለብርዱ ጥንታዊው ቀመር ሊ ዦንግ ዋን ነው፤ እሱም የዣንግ ዦንግጂንግ ነው። አራት ዕፅ በእኩል መጠን፦ ጂንሰንግ (ረን ሼን)፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ ባይ ዡ የተባለው ሥር፣ በማር የተጠበሰ ጋን ሳኦ፣ ማለትም የሊኮሪስ ሥር። ዛሬ በጂንሰንግ ፈንታ ርካሹና ለስላሳው ሥር ዳንግ ሼን ይገባል። ለዘብ ያለው መጠን ዳንግ ሼን 9፣ ባይ ዡ 9፣ ደረቅ ዝንጅብል 6፣ ጋን ሳኦ 3 ግራም ነው። ጥንታዊው መመሪያ ከጠጡ በኋላ ትኩስ ገንፎ መሰል ቀጭን የሩዝ ሾርባ መጠጣትና መሸፋፈን ያዛል። ይህን ማስቀረት የለብዎትም፤ መድኃኒቱን ጠጥቶ በላዩ ቀዝቃዛ መጠጣት ልፋትን ከንቱ ማድረግ ነው። አፍ ከደረቀ ወይም ማቃጠል ከጀመረ ዝንጅብሉ በዝቷል ወይም ሆዱ ቀድሞውንም ብርድ አልነበረበትም፤ ያቁሙ።

ብርድ ሳይኖር ድካም ብቻ ከሆነ ሲ ጁን ዚ ታንግ፣ «የአራቱ ጨዋዎች ፍል»፣ ይመረጣል፦ ዳንግ ሼን 9፣ ባይ ዡ 9፣ ፉ ሊንግ 9፣ ጋን ሳኦ 3 ግራም። ፉ ሊንግ በጥድ ሥር ላይ የሚበቅል ፈንገስ ነው፤ እርጥበትን በሽንት ያወጣል ይባላል። ቼን ፒ እና ባን ሺያ (ጥሬው መርዝ ስለሆነ ተዘጋጅቶ ብቻ የሚገባ ሥር) ሲጨመሩበት ሊዩ ጁን ዚ ታንግ ይሆናል፤ መነፋትና ማቅለሽለሽ ላለበት ደካማ ሆድ የሚስማማው ይህ ነው። በጃፓን ሪኩንሺቶ በሚል ስም ሐኪሞች ያዙታል፤ እዚያ ዝንጅብልና የቁርቁራ ዘመድ የሆነው ፍሬ ዳ ዛኦ ይጨመራሉ። የሚያበረታ ቀመር ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አይፍረዱበት፣ በአራት ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ ደግሞ አይግፉበት።

ባይ ዡ አዘገጃጀት ምን ያህል እንደሚለይ ጥሩ ማሳያ ነው። ከስንዴ ቅርፊት ጋር የተጠበሰው ጣፊያን ያበረታል። ከልዩ ሸክላ አፈር ጋር የተጠበሰው ተቅማጥ ያቆማል። ጥሬው በብዙ መጠን ግን አንጀትን ያንቀሳቅሳል፣ ለድርቀትም ይሰጣል። ተቅማጥ ያለበት ሰው ሳያውቅ ጥሬውን ገዝቶ ቢያፈላ የፈለገውን ተቃራኒ ያገኛል። ሲገዙ የዕፁን ስም ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተዘጋጀም ይጠይቁ።

ሐኪም ሳያይ የማይጀመሩ

ሁዋንግ ሊያን እጅግ መራራ ቢጫ ሥር ነው፤ ሙቀት ላለበት ጨጓራ ከ2 እስከ 5 ግራም ይሰጣል። ከዚህ ካለፈ ወይም ከቆየ ጨጓራውን ራሱን ያቀዘቅዛል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በውስጡ ያለው በርበሪን ሳይክሎስፖሪን የተባለውን የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደም ውስጥ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ያደርጋል። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ሕፃን አይሰጥም።

ዳ ሁዋንግ የሩባርብ ሥር ነው፣ ለድርቀት። ለማስቀመጥ ሲፈለግ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈላል፤ ብዙ ከፈላ የሚያስቀምጠው ንጥረ ነገር ይፈርሳል፣ የሚያጨብጠው ታኒን ይቀራል። ለሳምንታት ከወሰዱት አንጀት ያለ እሱ መንቀሳቀስ ይለግማል። እርጉዝና አጥቢ አይወስዱትም። ባን ሺያ ጥሬው መርዝ ነው፤ አፍና ጉሮሮን ያሳብጣል። ከዝንጅብል ወይም ከአሉም ጋር የተዘጋጀው ብቻ ይገባል፤ ይህ ሥራ የፋርማሲ ሥራ ነው፣ የቤት አይደለም።

ጭንቀት ለሚያባብሰው ቁርጠትና ተቅማጥ ቶንግ ሺዬ ያው ፋንግ የሚባል ቀመር አለ፤ ባይ ዡ፣ ቼን ፒ እንዲሁም ባይ ሻው እና ፋንግ ፌንግ የተባሉ ሥሮች ይገቡበታል። መጠኑ እንደ ሰውየው ስለሚለያይ እዚህ ግራም አንሰጥም።

አፈላሉ

ድስቱ ሸክላ፣ ብርጭቆ፣ ኢናሜል ወይም አይዝጌ ብረት ይሁን። ተራ ብረት፣ መዳብና አሉሚኒየም ከታኒንና ከአሲድ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ፍሉ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። በግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን ይያዙ፤ በማንኪያ መስፈር አያዋጣም፣ አንድ ማንኪያ ቼን ፒ እና አንድ ማንኪያ የተፈጨ ፉ ሊንግ ክብደታቸው ፈጽሞ አይገናኝም።

ዕፁን ቶሎ አለቅልቀው በቀዝቃዛ ውኃ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ውኃው ከዕፁ በላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይቁም። በፈላ ውኃ አይጀምሩ፦ የውጩ ስታርችና ፕሮቲን ወዲያው ይረጋና ውስጡ ሳይወጣ ይቀራል። የዘፈዘፉበትን ውኃ አይድፉ፣ በዚያው ያፍሉ። ፉ ሊንግ በጥርብ ከመጣ ሰባብረው ያስገቡ፤ ትልቁ ጥርብ ለግማሽ ሰዓት ፈልቶም መሐሉ ደረቅ ነው።

በኃይለኛ እሳት ይፍላ፣ ከዚያ እሳቱን ይቀንሱና ክዳኑን ገጥመው በለስላሳ እሳት ይተዉት። ክምችት የሚያፈርሱት 20 ደቂቃ፣ የሚያበረቱት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። አጥልለው በአነስተኛ ውኃ ሁለተኛ ጊዜ ያፍሉ፣ ከዚያ ሁለቱን ፍል ያደባልቁ። የመጀመሪያውን ጠዋት፣ ሁለተኛውን ማታ መጠጣት አይሆንም፤ ጠዋት ብርቱ፣ ማታ ቀጭን ይሆናል። በድምሩ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ለሁለት ይክፈሉት። የሚያበረታው ከምግብ በፊት፣ የሚያፈርሰውና መራራው ከምግብ በኋላ፣ ሁሉም ለብ ብሎ ይጠጣል። የዘመናዊ መድኃኒት ካለ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቁት። የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ማግስቱ ብቻ ይቆይ። ካረረ ውኃ ጨምረው አያድኑት፣ ይድፉት።

ሻ ረን የሄልና የዝንጅብል ቤተሰብ ነው፣ እርጥበት ላዛለው ሆድ ከ3 እስከ 6 ግራም። የሚሠራው በተናኝ ዘይቱ ስለሆነ ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ደቅቆ ይገባል። ቤቱ በሙሉ ሲያውድ ደስ ይላል፤ ግን ያ መዓዛ ከድስቱ የወጣ መድኃኒት ነው።

በዱቄት መልክ የሚሸጠው ፍል ብዙ ጊዜ 5 ለ1 ያህል የተጠናከረ ነው፤ እንደ ደረቅ ዕፅ ግራም አይመዝኑት። መጠኑ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ መለያውን ያንብቡ።

ማስረጃውና አደጋው

በ1998 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በቀላሉ በሚቆጣ አንጀት በሚሠቃዩ 116 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት የቻይና ዕፅዋት ከማስመሰያ ክኒን እንደተሻሉ አሳይቷል። ሕክምናው ካበቃ ከ14 ሳምንት በኋላም ለውጡ የቆየው ለእያንዳንዱ በተለየ ቀመር በታከሙት ላይ ነበር። በ2006 ደግሞ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተቅማጥ በሚያይልባቸው 119 ሕሙማን ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት የ11 ዕፅ ቀመር ተሰጠ፤ ከማስመሰያው አልተሻለም። ሁለት ጥናት ብይን አይሰጥም፤ ሆኖም ሁሉን በአንድ ቀመር ማከም እንደማይበቃ ከሚያስረዱ ነገሮች አንዱ ነው።

ጋን ሳኦ ጣፋጭ ስለሆነ ሰው አይፈራውም፤ መፍራት ያለበት ግን እሱን ነው። ግሊሲሪዚን የተባለው ንጥረ ነገሩ ፖታሲየምን ያወርዳል፣ የደም ግፊትን ያወጣል። የአውሮፓ የምግብ ሳይንስ ኮሚቴ በቀን ከ100 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይወሰድ መክሯል፤ 3 ግራም ሥር ይህን ሊያሟላ ይችላል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ወይም ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ፣ እርጉዝም የሆነች ጋን ሳኦን ከቀመሩ ያውጡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝንጅብልና ጂንሰንግ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስም መመሳሰልም ሰው ገድሏል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለማቅጠኛ በተሰጠ ቀመር ፋንግ ጂ መግባት ሲገባው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ያለበት ጓንግ ፋንግ ጂ ገብቶ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ በኋላም የሽንት ቧንቧ ካንሰር የያዛቸው ነበሩ። ለሆድ መነፋት የሚታዘዘው ሙ ሺያንግም ቺንግ ሙ ሺያንግ የሚባል አደገኛ ስም ተጋሪ አለው፤ ቻይና ራሷ ከአገልግሎት አውጥታዋለች። ስለዚህ በላቲን የዕፅዋት ስም፣ በምርት ቁጥርና በከባድ ብረታ ብረት ምርመራ የተደገፈ ብቻ ይግዙ። ከልክ በላይ የነጣና የሚቆጠቁጥ ሽታ ያለው ዕፅ በድኝ ጭስ የታጠነ ሊሆን ይችላል።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ማስመለስ ካላቆመ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳት ያለበት ብርቱ ሕመም ከመጣ ወይም ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የሆድ ችግር ከጀመረ ምንም ሳያፈሉ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው የሚጠጣውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲቆም ይታዘዛል። ዕፁን ሲጀምሩ በትንሽ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ግራሙን፣ የሰገራውን ሁኔታና ከምግብ በኋላ የሚሰማውን ይጻፉ፤ ያችን ወረቀት ሐኪም ጋ ሲሄዱ ይዘው ይሂዱ።